ዜኖፎን፤ ፈረስን በትዕግሥት የመግራት መምህር

ክረምቱ አልፎ የመስከረም ፀሐይ በየካ ተራራ አናት ላይ ስትወጣ የፈረስ ኑሮ ይለወጣል። ሦስት ወር በጭቃ ሲዳክር የከረመው ሰኮና መድረቅ ይጀምራል፤ የጥቢው ለምለም ሣር የከሳውን ጎን ይሞላዋል፤ ባለቤቱም ኮርቻውን አራግፎ፣ ልጓሙን ወልውሎ፣ ለበዓሉ ጉግስ ፈረሱን ማለማመድ ይይዛል። ዛሬ የአውሮፕላን ድምፅ የማይለየው የቦሌ ሜዳ፣ ማረፊያው በ1950ዎቹ ዓመተ ምሕረት ከመሠራቱ በፊት፣ እርሻና ግጦሽ ነበር። በየካ በኩል ያለው የባልደራስ ሠፈር እስከ ዛሬ የሚጠራበት ስም የቤተ መንግሥት ፈረሶች ኃላፊ ይሾምበት የነበረ ማዕርግ ነው። ጃንሜዳም ለብዙ ዘመን የጉግስና የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ሆና ኖራለች።

ከዚህም በላይ የኢትዮጵያ ታሪክ ራሱ በፈረስ ስም የሚነገር ታሪክ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ መኰንን አባ ቃኘው እየተባሉ የሚጠሩት በፈረስ ስማቸው ነው፤ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ የዘመተው ጦር ቃኘው ሻለቃ መባሉም ከዚሁ የመጣ ነው። የፈረሱ ስም በዚህ ዓይነት ከጌታው ስም ጋር ተያይዞ ሲከበር፣ ፈረሱ በምን ዓይነት እጅ እንደተገራ፣ በትዕግሥት ይሁን በአለንጋ፣ የሚናገር ጽሑፍ ግን እምብዛም አይገኝም።

ይህ ጥያቄ ለእንስሳት ሐኪም የታሪክ ጥያቄ ብቻ አይደለም። የፈረስ አፍ በተከፈተ ቁጥር በልጓም የተቈረጠ ምላስ፣ የተላጠ ከንፈር፣ በብረት የተደበደበ ድድ ይታያል፤ ጀርባው ሲገለጥ ደግሞ የኮርቻና የጋሪ ቁስል። ሐኪሙ ቁስሉን አጥቦ መድኃኒት ቀብቶ ይመልሰዋል፤ ፈረሱ ግን የሚመለሰው ቁስሉን ወደ ሰጠው እጅ ነው። እንግዲህ በሽታው ያለው በቁስሉ ላይ ነው ወይስ በእጁ ላይ? ከዛሬ ሃያ አራት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ይህን ጥያቄ አንሥቶ፣ ዘመኑ በፈቀደለት መጠን በጽሑፍ የመለሰ አንድ ሰው ነበር። ይኸውም የአቴናው ዜኖፎን ነው። ሐኪም አልነበረም፤ ወታደርና ባለ ርስት፣ ስደተኛና ደራሲ ነበር። የሕይወቱ ታሪክ ከፈረሱ ታሪክ ተለይቶ የሚነገር አይደለም።

ዜኖፎን የተወለደው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ430 ዓመት ገደማ፣ ከአቴና ከተማ በስተምሥራቅ በምትገኝ ኤርኪያ በተባለች ቀበሌ ነው። ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት የዜኖፎን ዘመን ቁጥሮች ሁሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቈጠሩ ናቸው። አባቱ ግሪሎስ ባለጸጋ ነበር። በአቴና ሥርዓት ፈረስ ገዝቶ መቀለብ የሚችል ሰው በፈረሰኞች መደብ ይቈጠር ስለነበር፣ የዚህ ቤት ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጋጣና ሜዳ እያወቀ ማደጉ የተፈጥሮ ያህል ነበር። ዘመኑ ግን የሰላም አልነበረም። አቴናና ስፓርታ በ431 የጀመሩት ጦርነት እስከ 404 ቀጥሎ በአቴና መሸነፍ ተፈጸመ። ዜኖፎን ዓይኑን የገለጠው በጦርነት ውስጥ ነው፤ ጐልማሳ የሆነውም በሽንፈት ውስጥ ነው።

በወጣትነቱ ከሶቅራጥስ ጋር ተገናኘ። በኋላ ዘመን የተጻፈ ታሪክ እንደሚለው፣ ሶቅራጥስ በአንዲት ጠባብ መንገድ ላይ በትሩን ዘርግቶ አግዶት፣ መጀመሪያ የምግብ ዓይነት የት የት እንደሚሸጥ ጠየቀው፤ ወጣቱ ሁሉንም በየቦታው ነገረው። ቀጥሎም ሰው ደግና መልካም የሚሆንበት ቦታ የት እንደሆነ ሲጠይቀው መልስ አጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተከተለው ይባላል። ነገሩ እንዲህ ሆኖ ይሁን አይሁን፣ ዜኖፎን ከመምህሩ የተማረው አንድ ነገር በሥራው ሁሉ ይታያል፤ ይኸውም ዕውቀት በግድ ወደ ሌላው ውስጥ የሚገባ ሳይሆን በጥያቄና በትዕግሥት ከውስጡ የሚወጣ መሆኑ ነው። ይህን ትምህርት በኋላ ለሰው ብቻ ሳይሆን ለፈረስም አዋለው።

በ401 ፕሮክሴኖስ የተባለ የቦዮትያ ሰው፣ ወዳጁ፣ ወደ ትንሹ እስያ መጥቶ የፋርሱን መስፍን ቂሮስን እንዲያገለግል ጋበዘው። ይህ ቂሮስ የንጉሡ የአርጤክስስ ታናሽ ወንድም ነበር። ዜኖፎን ሶቅራጥስን አማከረ፤ መምህሩም የአቴና ሰዎች እንዳይቀየሙት ሠግቶ፣ ወደ ዴልፊ ሄዶ አምላክን እንዲጠይቅ መከረው። ወጣቱ ግን ልሂድ ወይስ ልቅር ብሎ መጠየቁን ትቶ፣ ጉዞው እንዲቃናለት ለየትኞቹ አማልክት መሠዋት እንደሚገባው ጠየቀ። ሶቅራጥስ በዚህ ገሠጸው፤ ነገር ግን አንዴ ተጠይቆ መልስ ከተገኘ በኋላ ትእዛዙን መፈጸም አለብህ ብሎ አሰናበተው። ዜኖፎን ይህን ስሕተቱን ራሱ በመጽሐፉ መዝግቦታል። መምህሩን ዳግመኛ አላየውም፤ ሶቅራጥስ በ399 በአቴና ፍርድ መርዝ ጠጥቶ ሞተ፤ ዜኖፎንም በዚያን ጊዜ በእስያ ምድር በጦር ሠፈር ነበር።

ቂሮስ ከዐሥር ሺህ የሚበልጡ የግሪክ ቅጥረኛ ወታደሮችን ይዞ በወንድሙ ላይ ዘመተ። በባቢሎን አቅራቢያ ኩናክሳ በተባለ ቦታ ጦርነቱ ተደረገ፤ ግሪኮቹ በበኩላቸው ድል ሲያደርጉ ቂሮስ ግን በጦር ሜዳ ወደቀ። ከጥቂት ጊዜም በኋላ የፋርስ ሹም ቲሳፈርን የግሪክን አዛዦች ለውይይት ጠርቶ በክሕደት ያዛቸው፤ ፕሮክሴኖስም ከሞቱት አንዱ ነበር። በማያውቁት አገር፣ ያለ መሪ፣ ያለ ስንቅና ያለ ፈረሰኛ ጦር የቀሩት ወታደሮች ዐዲስ አዛዦች ሲመርጡ ዜኖፎን በወዳጁ ቦታ ተተካ። ዕድሜው ሠላሳ ዓመት ገደማ ነበር።

ይህ ረጅም መንገድ ፈረስን በተመለከተ የዜኖፎን ትምህርት ቤት ሆነ። የጠላት ፈረሰኞችና ወንጫፊዎች ከኋላ እየተከተሉ ሲያስጨንቁ፣ ግሪኮቹ የሚከላከሉበት አንድም ፈረሰኛ አልነበራቸውም። ዜኖፎን ጓዝ ከሚጭኑት እንስሳት መካከል ለግልቢያ የሚሆኑትን እንዲመርጡ አሳሰበ፤ አምሳ ያህል ፈረሶች ተገኝተው አምሳ ፈረሰኞች ተሰለፉ፤ ሁለት መቶ የሮድስ ወንጫፊዎችም ተጨመሩ። ትናንት ጭነት ሲሸከም የነበረ ፈረስ በአንድ ቀን የጦር ፈረስ አይሆንም። ቢሆንም ፈረሱ ምን ሊሠራ እንደሚችል የሚያውቅ ዓይን ካገኘ ከተናቀበት ቦታ ሊነሣ መቻሉን ዜኖፎን በዚያ ጉዞ ላይ አየ።

በዚያው ጉዞ አንድ ቀን፣ ከጠላት ቀድሞ አንድ ተራራ ለመያዝ በሚደረግ ሩጫ ላይ፣ ዜኖፎን በፈረስ ሆኖ ወታደሮቹን ያበረታታ ነበር። ሶቴሪዳስ የተባለ እግረኛ፣ አንተ በፈረስ ስትሄድ እኔ ጋሻ ተሸክሜ እደክማለሁ የሚል ትርጕም ያለው ቃል ተናገረው። ዜኖፎን ይህን ሲሰማ ከፈረሱ ዘሎ ወረደ፤ ሰውየውን ከሰልፉ አውጥቶ ጋሻውን ተቀብሎ፣ የፈረሰኛ ጥሩሩን እንደለበሰ በእግሩ ሽቅብ ተጓዘ። ክብደቱ አስጨነቀው፤ ነገር ግን አልቆመም። በመጨረሻ ወታደሮቹ ራሳቸው ሶቴሪዳስን እየሰደቡና እየደበደቡ ጋሻውን መልሶ እንዲይዝ አደረጉት። ዜኖፎንም ወደ ፈረሱ ተመለሰ፤ መንገዱ ለፈረስ የማይመች በሆነ ጊዜ ግን ፈረሱን ትቶ በእግሩ ሮጠ። በፈረስ ላይ መቀመጥ የማዕርግ ምልክት ብቻ በነበረበት ዓለም፣ ይህ ሰው ፈረሱን ለሥራ እንጂ ለኩራት እንዳልያዘው ከዚህ ይታያል።

በአርመን ተራሮች ላይ ክረምቱ ደረሰባቸው። በረዶው ሰውንም እንስሳንም ገደለ። በአንድ መንደር ሲያርፉ የመንደሩ ሹም የአገሩን ልማድ አስተማራቸው፤ ፈረሶችና የጭነት እንስሳት በበረዶ ውስጥ ሲሄዱ በእግራቸው ላይ ትንንሽ ከረጢት ማሰር እንደሚገባ፣ ያለዚያ እስከ ሆዳቸው እንደሚሰጥሙ ነገራቸው። ዜኖፎን ይህን ምክር ከገበሬ አፍ ተቀብሎ በመጽሐፉ አኖረው። በዚያው መንደር ለንጉሡ ግብር የሚያድጉ ዐሥራ ሰባት ወጣት ፈረሶች ተገኙ። የእርሱ ፈረስ አርጅቶ በጉዞው ደክሞ ነበርና ሊሞትበት ሠጋ፤ ስለዚህም ለመንደሩ ሹም ሰጥቶት፣ አወፍሮ ለአምላኩ እንዲሠዋው አደራ አለው፤ ለራሱም ከወጣቶቹ አንዱን ወሰደ። ዛሬ ይህ አድራጎት ርኅራኄ አይመስልም ይሆናል። ነገር ግን በሺህ የሚቈጠር ሰውና እንስሳ በየመንገዱ ተጥሎ በሚቀርበት ጉዞ፣ አንድ አዛዥ ላረጀ ፈረሱ መጨረሻ ማሰቡ በራሱ የሚታወስ ነው።

በ400 ዓመት ግሪኮቹ ጥቁር ባሕርን አይተው ወደ ትራፔዙስ ወረዱ። ከዚያ በኋላም የዜኖፎን መከራ አላለቀም። በ399 ወደ ላምፕሳኮስ በደረሰ ጊዜ ገንዘብ ስላልነበረው የሚጋልበውን ፈረስ በአምሳ የፋርስ ወርቅ ሸጦ ነበር። ያን ሁሉ አገር አቋርጦ፣ ሺህዎችን መርቶ፣ በመጨረሻ ፈረሱን ሸጦ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው ሆነ። ነገር ግን ከስፓርታ ጦር የመጡ ቢዮንና ናውሲክሊደስ የተባሉ ሁለት ሰዎች፣ ይህን ፈረስ እጅግ ይወደው እንደነበር ስለሰሙ፣ በዚያው ዋጋ ገዝተው መለሱለት፤ ገንዘቡንም አንቀበልም አሉ። ጸሐፊው ስለ ራሱ ብዙ ስሜት የማይገልጥ ሰው ነው። ይህን ነገር ግን ከነዋጋው፣ ከነሰዎቹ ስም መመዝገቡ፣ ምን ያህል ልቡን እንደነካው ያሳያል።

ዜኖፎን ከዚያ በኋላ ከስፓርታ ሰዎች ጋር ተቀላቀለ፤ የንጉሡ የአጌሲላዎስም ወዳጅ ሆነ። በ394 በኮሮንያ ጦርነት ከስፓርታ ጎን ሲቆም፣ ከተቃራኒው ወገን የአቴና ልጆች ነበሩ። አቴና በስደት ፈረደችበት። ምክንያቱ ከቂሮስ ጋር መዝመቱ ይሁን ወይስ በኮሮንያ መሰለፉ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። በየትኛውም መንገድ ቢሆን የተወለደበት አገር ለብዙ ዓመት ተዘጋበት፤ ይህም በሕይወቱ ላይ ያለፈ ትልቁ ጥላ ነው። ወታደሮቹን ከጥፋት ያዳነ ሰው በአገሩ ላይ ጦር በማንሣቱ ነቀፋ አልቀረለትም፤ ይህን ነቀፋ ማለዘብም የታሪክ ጸሐፊ ሥራ አይደለም።

ስፓርታ ከኦሊምፒያ አጠገብ ስኪሉስ በተባለ ቦታ ርስት ሰጠችው። በዚያ ከሚስቱ ከፊሌሲያና ከሁለቱ ልጆቹ ከግሪሎስና ከዲዮዶሮስ ጋር ሃያ ዓመት ያህል ኖረ። ከዘመቻው ምርኮ ለአርጤምስ የተለየውን ገንዘብ በኤፌሶን አደራ አስቀምጦት ነበርና፣ በዚያ ገንዘብ መሬት ገዝቶ መቅደስ ሠራ። በመሬቱ ውስጥ ወንዝ ያልፋል፤ መስክና በዛፍ የተሸፈነ ኰረብታ አለበት፤ አሳማ፣ ፍየል፣ ከብትና ፈረስ ይረባበታል። በየዓመቱ በዓል ይደረጋል፤ የአካባቢው ሰው ወንድ ሴት ሳይል ይጋበዛል፤ ልጆቹና ወዳጆቻቸው በፈረስ አደን ይወጣሉ። ጸሐፊው አንድ ነገር መጨመር አልዘነጋም፤ ይኸውም ለበዓሉ የመጡትን ሰዎች የተሸከሙት የጭነት እንስሳት ሳይቀሩ በዚያ መስክ ጠግበው እንደሚውሉ ነው። የእንግዳውን ፈረስ ማብላት የእንግዳ አክብሮት ክፍል መሆኑን የኢትዮጵያ ገበሬ ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል፤ ዜኖፎን ግን በጽሑፍ ትቶታል።

በ371 ስፓርታ በሌውክትራ ድል ስትሆን የኤሊስ ሰዎች ስኪሉስን መልሰው ያዙ። ዜኖፎን ጋጣውንና መስኩን ትቶ ወደ ቆሮንቶስ ተሰደደ። አቴናም ከጊዜ በኋላ የስደቱን ፍርድ አነሣችለት። ስለ ፈረስ ግልቢያ የጻፈው ዐሥራ ሁለት ምዕራፍ ያለው ትንሽ መጽሐፍ የመጣው ከዚህ የሽምግልና ዘመን እንደሆነ ይገመታል። ከእርሱ በፊት ስምዖን የተባለ የአቴና ሰው በዚሁ ጉዳይ ጽፎ ነበር፤ ዜኖፎንም ስሙን በክብር ያነሣል፤ የእርሱ መጽሐፍ ግን ሙሉ ሆኖ እስከ ዘመናችን የደረሰ ከሁሉ የቀደመው የግሪክ የፈረስ ግልቢያ መጽሐፍ ነው።

መጽሐፉ የሚጀምረው ከፈረስ ራስ ወይም ከውበቱ ሳይሆን ከሰኮናው ነው። መሠረቱ የማይረባ ቤት ላዩ ቢያምር እንደማይጠቅም ሁሉ፣ እግሩ የማይረባ ፈረስም ለምንም አይሆንም የሚል ነው ሐሳቡ። በዚያ ዘመን በግሪክ የብረት ጫማ ለፈረስ አይደረግም ነበርና የሰኮናው ጥንካሬ የፈረሱ ሕይወት ነበር። ስለዚህም ዜኖፎን የጋጣው ወለል እርጥብና ለስላሳ እንዳይሆን ይመክራል። ከጋጣው ውጭ አራት አምስት ጋሪ ሙሉ ድቡልቡል ድንጋይ እንዲደፋ፣ ዙሪያውም በብረት እንዲታጠር፣ ፈረሱም በሚጠረግበት ጊዜ በዚያ ላይ እንዲቆም ያዛል። ፈረሱ ዝንብ ለማባረር እግሩን ባነሣና በጣለ ቁጥር ሰኮናው በድንጋዩ ላይ እንደሚጠነክር አስተውሏል። የአዲስ አበባን ክረምት የሚያውቅ ሐኪም ይህን ሲያነብ ይደነቃል፤ በነሐሴ ጭቃና በሽንት በራሰ ጋጣ የዋለ ሰኮና ለስልሶ፣ መካከለኛው ክፍሉ በስብሶ፣ በመስከረም ሽታው ከሩቅ እንደሚታወቅ ያውቃልና።

ከሰኮናው ቀጥሎ ጋጣው ይመጣል። ባለቤቱ ፈረሱን ዘወትር ሊያየው በሚችልበት ቦታ ጋጣው መሠራት አለበት፤ ምግቡም ከግርግሙ እንዳይሰረቅ መጠበቅ ይገባል። ፈረሱ ምግቡን የበተነ እንደሆነ ይህን እንደ ጥፋት ሳይሆን እንደ ሕመም ምልክት መመልከት ይገባል ይላል። ደሙ በዝቶ ይሁን፣ ደክሞ ይሁን፣ ከገብስ ብዛት የሚመጣ በሽታ ይዞት ይሁን መመርመር ነው። ፈረስም እንደ ሰው ሕመሙ ሥር ሳይሰድ በመጀመሪያው ላይ ቢታከም እንደሚቀል ይናገራል። ከብዙ ገብስ የሚመጣው ሕመም ዛሬ ሐኪሞች በሰኮናው ውስጥ ያለውን ሥጋ ሲያቃጥል የሚያዩት በሽታ ሳይሆን እንደማይቀር ብዙዎች ይስማሙበታል።

የመጽሐፉ ልብ ግን ስለ መግራት የሚናገረው ክፍል ነው። ውርንጭላው ለገሪ ከመሰጠቱ በፊት በቤቱ ሰው መውደድን መማር አለበት። ይህም በምክር አይሆንም። ረኃብ፣ ጥምና የዝንብ ንክሻ ብቻውን በሆነ ጊዜ እንዲያገኙት፣ ምግብና ውኃ፣ ከሚያስጨንቀውም ነገር ማረፍ ከሰው እጅ እንዲመጡለት ማድረግ ነው። እንዲህ ከተደረገ ውርንጭላው ሰውን ይወዳል፤ ሲለየውም ይናፍቀዋል። መዳሰስ የሚገባውም ፈረሱ በሚወደው ቦታ፣ ጠጕሩ በሚበዛበትና ራሱ ሊያክከው በማይችለው በኩል ነው። ከዚያ በኋላ ሕዝብ በተሰበሰበበት ቦታ፣ ልዩ ልዩ ድምፅና መልክ ባለበት እንዲያልፍ ይደረጋል። ለገሪ በሚሰጥበትም ጊዜ፣ ልጅን ለሙያ እንደሚሰጡት ሁሉ፣ ሲመለስ ምን ማወቅ እንዳለበት በጽሑፍ ውል መደረግ አለበት።

ፈረስ ስለሚደነብርበት ነገር የሚሰጠው ምክር ከሁሉ ይልቅ ዘመን ተሻጋሪ ነው። የደነበረን ፈረስ በአለንጋ ወደሚፈራው ነገር መግፋት ፍርሃቱን ይጨምረዋል፤ ምክንያቱም ፈረሱ ያገኘውን ሕመም ከሚፈራው ነገር ጋር አያይዞ ያስበዋልና። ይልቅስ ሰውየው ራሱ ያን ነገር እየነካ፣ ፈረሱን በለዘብታ ማቅረብ ይገባዋል። ቁጣ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ በቁጣ ወደ ፈረስ መቅረብ በኋላ የሚያጸጽት ሥራ ያሠራል። በግድ የተሠራ ሥራ ማስተዋል የሌለበት፣ ውበትም የማይገኝበት ነው። ፈረሱ የታዘዘውን ሲፈጽም ዕረፍት ይሰጠው፤ ዕረፍቱ ራሱ ዋጋው ነው። በሃያኛው መቶ ዓመት ሩሲያዊው ፓቭሎፍና ከእርሱ በኋላ የመጡት ሊቃውንት እንስሳ ነገርን ከነገር እያያያዘ እንዴት እንደሚማር በሙከራ አሳዩ፤ የዛሬው የፈረስ ትምህርት ሳይንስም ጫናን በትክክለኛው ቅጽበት ማንሣት ከዱላ የበለጠ እንደሚያስተምር ያረጋግጣል። ዜኖፎን ቤተ ሙከራ አልነበረውም፤ የነበረው ዓይንና ትዕግሥት ነው።

ይህ ማለት ግን ዜኖፎን በዘመኑ ላይ የነበረ እንከን የለበትም ማለት አይደለም። ሁለት ልጓም ያስፈልጋል ብሎ ያምን ነበር፤ አንዱ ለስላሳ፣ ሁለተኛው ጥርስ ያለው ሻካራ። ፈረሱ በሻካራው ከተማረ በኋላ ለስላሳውን ይወደዋል የሚል ሐሳብ ነበረው፤ ይህን ዛሬ የሚቀበል ሐኪም አይገኝም። ፈረሱን የሚጠርገውና የሚመግበውም በዚያ ዘመን ብዙውን ጊዜ ባሪያ ነበር፤ ለፈረሱ የተጻፈው ርኅራኄ ለዚያ ሰው እምብዛም አልተጻፈም። ደግሞም የሚያስተምረው ለጦርነት ነው፤ በለዘብታ የተገራው ፈረስ መጨረሻው የጦር ሜዳ ነበር።

ያ የጦር ሜዳ ወደ ራሱ ቤት መጣ። በ362 በማንቲኒያ ጦርነት ልጁ ግሪሎስ ከአቴና ፈረሰኞች ጋር ተሰልፎ ሞተ። አባቱን ባሳደደች ከተማ ሰልፍ ውስጥ ሆኖ መሞቱ ልዩ ነገር ነው። በኋላ የተጻፈ ታሪክ እንደሚለው፣ መርዶው ሲመጣ ዜኖፎን አክሊል ደፍቶ መሥዋዕት ያቀርብ ነበር፤ አክሊሉን አወለቀ፤ ልጁ በጀግንነት እንደሞተ ሲነገረው መልሶ ደፋው፤ እንባም አላፈሰሰም። ያ ወጣት በስኪሉስ መስክ በአባቱ ዓይን ሥር ፈረስ የተማረ፣ በበዓሉ ቀን ለአደን የሚወጣ ልጅ ነበር። ዜኖፎን በሽምግልናው ለወጣት ወዳጆቹ ስለ ፈረስ ሲጽፍ፣ የሚናገረው ከመጽሐፍ ያገኘውን ሳይሆን በልጆቹ ላይ ያየውን ነበር ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ዜኖፎን በ354 ገደማ ሞተ። የሞተውም በቆሮንቶስ እንደሆነ ይነገራል። ከሶቅራጥስ ትዝታ ጀምሮ እስከ ታሪክ፣ ከቤት አስተዳደር እስከ አደን ድረስ ብዙ ጽፏል፤ የዐሥሩ ሺህ ጉዞ ታሪክም ለብዙ መቶ ዓመት የግሪክኛ ተማሪዎች መማሪያ ሆኖ ቈይቷል። የፈረሱ መጽሐፍ ግን በጐልማሳ እጅ ብዙ ዘመን ሳይነበብ ኖረ። በአውሮፓ የጥንቱ መጻሕፍት ዳግመኛ በታተሙ ጊዜ፣ በ1550 እ.ኤ.አ. በኢጣልያ መጽሐፉን ያሳተመው ግሪሶኔ የግልቢያን ጥበብ ከፍ ቢያደርግም፣ እምቢ ባለ ፈረስ ላይ የሚያዝዘው ቅጣት እጅግ ጨካኝ ነበር። ፈረንሳዊው ፕሉቪኔል በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ ላ ጌሪኒየርም በ1733 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ መንገዱን ወደ ለዘብታ መለሱት።

እዚህ ላይ የፈረስ ግልቢያ ታሪክና የእንስሳት ሕክምና ታሪክ ይገናኛሉ። በሊዮን ከተማ የግልቢያ ትምህርት ቤት ኃላፊ የነበረው ክሎድ ቡርዥላ በ1762 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ከፈተ። ፈረስን በመግራት የጀመረ ሰው ፈረስን ወደ ማከም ደረሰ ማለት ነው። በኢትዮጵያም በ1979 እ.ኤ.አ. በደብረ ዘይት የተቋቋመው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ የዚያ ረጅም ትውልድ አንድ ቅርንጫፍ ነው።

ኢትዮጵያ ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጉ ፈረሶች ያሏት አገር ናት። አብዛኛዎቹ ጉግስ አይሄዱም፤ ጋሪ ይስባሉ፣ እህል ይጭናሉ፣ ከገጠር ወደ ገበያ ይመላለሳሉ። በአገሪቱ በብዙ ቦታ የሚሠራው ባህላዊ ልጓም በታችኛው መንጋጋ ዙሪያ የሚያልፍ የብረት ቀለበት ያለው ነው፤ በረጋ እጅ ሲያዝ ጥቂት ምልክት ይበቃዋል፤ በተቈጣ እጅ ሲሳብ ግን ድድን ያደማል። እንግዲህ ልዩነቱን የሚያመጣው ብረቱ ብቻ ሳይሆን እጁ ነው። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ስለሚሠሩ ፈረሶች፣ አህዮችና በቅሎዎች ደኅንነት መመዘኛ ማጽደቁ ይህ ጉዳይ የርኅራኄ ብቻ ሳይሆን የሙያ ግዴታ መሆኑን ያመለክታል።

ከዜኖፎን ሕይወት ለሙያው ባልደረቦች የሚተርፈው ትምህርት ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ክረምቱ ሳይገባ የጋጣውን ወለል በድንጋይ ማንጠፍ፣ በጥቢ ሰኮናውን አንሥቶ ማየት፣ ቁስሉን ከማከም ጋር ልጓሙንና ዕቃውን መመርመር፣ ባለጋሪውንም እንደ ጥፋተኛ ሳይሆን እንደ ተማሪ ማነጋገር ነው። ሶቴሪዳስ ፊት ከፈረሱ የወረደው አዛዥ ያሳየው ነገርም ይኸው ነው፤ የሌላውን ሸክም ያልሞከረ ሰው ስለ ሸክም ለማስተማር ሥልጣን የለውም። ከጋሪው ኋላ የቆመው ሰው ራሱ ተርቦና ደክሞ ሳለ ስለ ፈረሱ ርኅራኄ ብቻ መስበክ ፍሬ አያፈራም፤ የሁለቱ ኑሮ አንድ መሆኑን አስረድቶ፣ ያልቆሰለ ፈረስ ረጅም ዘመን እንደሚያበላው ማሳየት ግን ያፈራል።

መስከረም በመጣ ቁጥር ከየካ ማዶ ባሉት መስኮች ውርንጭሎች ከእናታቸው ጋር ለግጦሽ ይወጣሉ። ከእነርሱ መካከል ከጥቂት ዓመት በኋላ አንዱ ወደ ጋሪ፣ አንዱ ወደ ኮርቻ ይሄዳል። እስከዚያ ድረስ ሰው ለእነርሱ ምን እንደሆነ የሚማሩት፣ አሁን ወደ እነርሱ ከሚዘረጋው እጅ ነው።